ከጋለ ምድጃ የሚወጣ አይስክሬም፦ የቤክድ አላስካ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራውና መሣሪያው

ቤክድ አላስካ (የተጋገረ አላስካ ማለት ነው) ከሥሩ ስፖንጅ ኬክ፣ መሐሉ አይስክሬም፣ ላዩ በስኳር የተመታ የእንቁላል ነጭ፣ ማለትም ሜሬንግ ነው። በጣም በጋለ ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ይገባል። ሲወጣ ላዩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ እንደበረደ ይቆያል። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ብዙ ነው፤ እርስ በርሱም አይስማማም። ስለዚህ የቆዩትን ጽሑፎች በእጅ እየሠሩ መፈተን ጥሩ መንገድ መስሎ ታየኝ። ጽሑፉ በሚለው መንገድ ሲሠራ አይስክሬሙ ከቀለጠ፣ ወይ ጸሐፊው ያየው ሌላ ነገር ነው፣ ወይ የጎደለ ነገር አለ።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሥራው የተጀመረው አዲስ አበባ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ያለኝ ምድጃ ከላይና ከታች ማሞቂያ ያለው የኤሌክትሪክ ነው፤ እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ሚዛንና የኤሌክትሪክ መምቻ ነበሩኝ። የገዛሁት ጫፉ የሚሰካ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ 1,200 ብር። ከሁሉ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ አየሁት፤ 92 አካባቢ ቆመ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ይህች ቁጥር በኋላ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነች ከወዲሁ ትመዝገብ።

ስፖንጁ

መነሻ ያደረግሁት ሻርል ራንሆፈር በ1894 ያሳተመውን አሠራር ነው። ራንሆፈር ፈረንሳይ ተወልዶ ኒውዮርክ ውስጥ የዴልሞኒኮ ምግብ ቤት ዋና ሼፍ የነበረ ሰው ነው፤ ቦታውን የያዘው በ1862 ነበር። ከ1,000 ገጽ በሚበልጠው መጽሐፉ ውስጥ ምግቡ «አላስካ፣ ፍሎሪዳ» በሚል ርእስ ሰፍሯል፤ የቅዝቃዜ አገርና የሙቀት አገር በአንድ መስመር ማለት ነው። አንድ ትልቅ ኬክም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የሚቀርብ ትንሽ ኬክ ነው፤ የመጋገሪያው ቅርጽ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ኬኩ ከሥሩ ይቦረቦርና ውስጡ የአፕሪኮት ማርማላታ ይቀባል። ግማሹ ሙዝ ግማሹ ቫኒላ የሆነ ሾጣጣ አይስክሬም ይቀመጥበታል። ከዚያ ሜሬንጉ ዙሪያውን ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይጨመቅና ምድጃ ውስጥ 2 ደቂቃ ይቆያል።

እሱ የሚለው የሳቮይ ብስኩት ቅቤ የሌለበት፣ በተመታ እንቁላል አየር ብቻ የሚነሣ ቀላል ኬክ ነው። የእኔ ልክ፦ 4 እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 20 ግራም የበቆሎ ስታርች። የመጀመሪያው መጋገሪያ ከቅርጹ በላይ ተነሥቶ መሐሉ ላይ ሰመጠ። ምክንያቱ ከፍታው ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ከልኩ በላይ ይለጠጣል፣ ኬኩ ሳይጸናም ይፈነዳል። በሚቀጥለው ነጩን ጠንክሮ እስኪቆም ሳይሆን ጫፉ ጎንበስ እስኪል ብቻ መታሁት፤ ስኳሩን 15 ግራም ቀነስኩ፤ ምድጃውንም 10 ዲግሪ ጨመርኩ። ቀጥ ብሎ ወጣ።

ከውጭ የመጣው የአፕሪኮት ማርማላታ አንዱ ብልቃጥ 480 ብር ሆነ፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ሥራው ግን ጣዕም መስጠት ብቻ አይደለም፤ የኬኩን ቀዳዳ ስለሚደፍን የሚለሰልሰው አይስክሬም ወደ ኬኩ እንዳይሰርግ ያደርጋል። የአገር ውስጡ የብርቱካን ማርማላታ ይህንኑ በደንብ ይሠራል፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ወደ እሱ ዞርኩ።

አይስክሬሙ

ሜሬንጉ የሚፈልገው ነጩን ብቻ ስለሆነ አስኳሉ ይተርፋል። ስለዚህ አይስክሬሙን ከተረፈው አስኳል መሥራት ነው የሚሻለው፦ ግማሽ ሊትር ወተት፣ ሩብ ሊትር ክሬም፣ 6 አስኳል፣ 130 ግራም ስኳር፣ ቫኒላ። በዝግታ እያማሰሉ 82 ዲግሪ ሲደርስ ማውረድ ነው። ለሙዙ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪያወጣ የበሰለ፣ ተፈጭቶ ከግማሹ ጋር ተቀላቀለ። ማሽን ስለሌለኝ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ በየአርባ ደቂቃው እያወጣሁ በመምቻ መታሁት።

ዋናው ነገር ቅዝቃዜው ነው። ከቅርጹ እንደወጣ የሚለካው አይስክሬም ከዜሮ በታች 10 ላይ ከሆነ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ከዜሮ በታች 16 ወይም 18 መድረስ አለበት። መብራት በተቋረጠበት ምሽት ቅርጾቹን ፍሪዘር ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ በበረዶ ከረጢቶች መሐል አቆየኋቸው፤ እስከ ጠዋት ጸንተው አደሩ፤ ግን ጠርዛቸው ላይ የበረዶ ቅንጣት ስለተፈጠረ ጣዕሙ ሻከረ።

ሜሬንጉ፦ ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት ልክ

ራንሆፈር ለ12 እንቁላል ነጭ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ስኳር ያዝዛል። ፋኒ ፋርመር በ1896 ባሳተመችው የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ለ6 እንቁላል ነጭ 6 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ስኳር ብቻ ታዝዛለች። በሚዛን ሲታይ ራንሆፈር ለአንድ ነጭ 38 ግራም ያህል፣ ፋርመር 8 ግራም ያህል ነው። ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት! አንዱ የባለሙያ ወጥ ቤት፣ ሌላው የቤት እመቤት መጽሐፍ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ሁለቱንም ጎን ለጎን ሠራሁ። የፋርመር ለስላሳ ነው፤ ስኳሩ አይከብድም፤ ቶሎም ይቡናማል። ነገር ግን ካልተጋገረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከሥሩ ውሃ ይለቃል፤ ተቀብቶ ፍሪዘር መግባት አይችልም። የራንሆፈር ጥቅጥቅ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በመጭመቂያ ከረጢት አፍ ሲጨመቅ ቅርጹን ይይዛል፤ ተቀብቶ ፍሪዘር አድሮም አልተበላሸም። ለጣዕም ፋርመርን፣ ለሥራ ራንሆፈርን እመርጣለሁ።

እንቁላልን በቁጥር ሳይሆን በሚዛን መለካት ግድ ነው። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነጩ 33 ግራም ያህል ሲሆን የሐበሻ ዶሮ 23 ወይም 24 ብቻ ነው። እኔ የያዝኩት 100 ግራም ነጭ ለ120 ግራም ስኳር፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ። አንዱን እንቁላል በ20 ብር ስለገዛሁ አስኳሉ አይስክሬም ውስጥ መግባቱ እፎይታ ነው።

ሽሮፑ እና ከፍታው

ሌላ ችግር አለ። ሁለት ደቂቃ የቆየ ሜሬንግ ላዩ ይቃጠል እንጂ ውስጡ ጥሬ ነው። ለሕፃናትና ለሽማግሌ ጥሬ እንቁላል ማቅረብ አልፈልግም። ስለዚህ የጣሊያኑን ዘዴ ሞከርኩ፤ ስኳሩን በውሃ አፍልቶ 118 ዲግሪ ሲደርስ እየተመታ ባለው ነጭ ላይ በቀጭኑ ማፍሰስ ነው።

118 ላይ ያፈሰስኩት ሽሮፕ የሳህኑ ግድግዳና የመምቻው ሽቦ ላይ እንደ መስታወት ክር ደረቀ። ነጩ ውስጥ የገባው ግማሹ እንኳ አይሆንም። ከሁሉ በፊት የለካሁት 92 መልሱን ይሰጣል። የሽሮፕ ሙቀት የሚነግረን ውሃው ምን ያህል እንደተነነ ነው፤ መነሻውም የውሃው መፍያ ነጥብ ነው። እዚህ መፍያው በ8 ዲግሪ ዝቅ ካለ ሁሉም በ8 ዝቅ ይላል። የባሕር ዳርቻው 118 የእኛ 110 ነው። በ110 ሲፈስ ክር የለም፣ ሜሬንጉም ለስላሳ ሆነ።

ግን 110 ዲግሪ ያለው ሽሮፕ ነጩን ሙሉ በሙሉ አያበስልም፤ ከተቀላቀለ በኋላ የለካሁት 60 እንኳ አልሞላም። የስዊሱ ዘዴ የተሻለ መፍትሔ ሰጠ። ነጩና ስኳሩ አንድ ላይ ሳህን ውስጥ ሆነው በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየተማሰሉ 71 ዲግሪ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ከዚያ እስኪቀዘቅዙ ይመታሉ። እንፋሎቱ በ92 መሆኑ እንዲያውም ጠቀመ፤ ነጩ ቶሎ አይረጋም። ከዚህ በኋላ የተሠራው ሁሉ በዚህ መንገድ ነው። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከጣሊያኑ ይልቅ ይህንን ቢይዝ እላለሁ።

ሥሩን መፈተን

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሜሬንጉ ነው። ሲቀልጥ ያየሁት ግን በብዛት ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው።

ፋርመር ኬኩ ከአይስክሬሙ ግማሽ ኢንች ወጣ ብሎ እንዲሰፋ፣ ሁሉም በወረቀት በተሸፈነ ጣውላ ላይ እንዲቀመጥ ታዝዛለች። ምክንያቱንም ትናገራለች፦ ጣውላው፣ ወረቀቱ፣ ኬኩና ሜሬንጉ ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆኑ አይስክሬሙ እንዳይቀልጥ ይከላከላሉ። በ1896 ለቤት ማብሰያ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ፊዚክስ ማግኘቴ አስደስቶኛል። የዘመኑ አሠራሮች ግን ጣውላውን ጥለው ብረት ትሪ ይዘዋል።

ፈተናው ቀላል ነበር። አንዱን ግማሽ ሴንቲሜትር ኬክ ላይ አድርጌ በቀጥታ የጋለ ትሪ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላውን 2 ሴንቲሜትር ኬክ ላይ፣ ወረቀት አንጥፌ፣ በደረቅ የእንጨት መክተፊያ ላይ። ምድጃው 240፣ ጊዜው 4 ደቂቃ፣ ሁለቱም ሲገቡ ከዜሮ በታች 16። ሲወጡ የሁለቱም መሐል አልተነቃነቀም። ኬኩና አይስክሬሙ የሚገናኙበት ቦታ ግን ትሪ ላይ የነበረው ከዜሮ በታች 4፣ እንጨት ላይ የነበረው ከዜሮ በታች 13 ነበር። ትሪው ከምድጃ ከወጣ በኋላም ሙቀቱን ማውጣቱን አያቆምም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ መፍሰስ ጀመረ። መክተፊያው በትንሹ ሸተተ እንጂ አልተቃጠለም።

ሜሬንጉም ከኬኩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ክፍተት ከቀረ የጋለ አየር በዚያ ይገባል። በቢላዋ ጀርባ ወደ ኬኩ መጫን ያስፈልጋል። ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ሲሆን በጭንቅ ያልፋል፤ 2 ሲሆን ሰላም ነው።

ለምን እንደሚሠራ፦ እንቅስቃሴ የሌለው አየር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከውሃ ከ20 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ሜሬንግና ስፖንጅ በጥቃቅን ክፍል የታሰረ አየር ናቸው። ጋቢ የሚያሞቀውም በድርብርቡ መሐል በያዘው አየር ነው። በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ብዙ ሙቀት ይበላል፤ አንድ ኪሎ በረዶ የሚያቀልጥ ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ያደርሳል። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ሙቀት መሐሉን አይነካም።

ይህን የአየር ነገር ቀድሞ ያጠናው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕረጉ ካውንት ራምፎርድ፣ ማሳቹሴትስ የተወለደው የፊዚክስ ሰው ነው። ፀጉር፣ ሱፍና ላባ የሚያሞቁት በያዙት አየር መሆኑን ከ1800 በፊት በሙከራ አሳይቷል። ይህን ጣፋጭ በ1804 እሱ ፈለሰፈው እየተባለም በብዛት ይጻፋል። እኔ ለራምፎርድ የምሰጠው አየሩን ነው። ኬኩን ለእሱ ለመስጠት በዚያን ጊዜ የተጻፈ አሠራር ማየት እፈልጋለሁ።

የጋለው ብረት

በ1880 ገደማ ጆርጅ ኦገስተስ ሳላ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አሜሪካን ጎብኝቶ ነበር። ዴልሞኒኮ ቤት ያየውን «አላስካ» ሲገልጽ እምብርቱ አይስክሬም ነው፣ ዙሪያው በጥንቃቄ የተመታ ክሬም ነው፣ ሊቀርብ ሲል ምድጃ ይገባል ወይም በቀይ የጋለ ሳላማንደር ይለበለባል ይላል። ሳላማንደር እጀታ ያለው ወፍራም የብረት ክብ ነው፤ እሳት ውስጥ ግሎ ምግቡ ላይ ሳይነካ ይያዛል።

ወደ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው «ምን ሊሠራልሽ ነው እህቴ?» አለኝ። ነገርኩት፤ ጥቂት አሰበና ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ 12 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ክብ ብረት መርጦ 60 ሴንቲሜትር ቶንዲኖ በየደበት። «ቀለም እንዳይነካው፣ የተለበጠ ብረትም እንዳይሆን» ብሎ ዝገቱን በሞላ አጸዳልኝ። ይህን ምክር የሚሠራ ሁሉ ይያዝ፤ በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲግል ጭሱ መርዝ ነው። የብረቱም የሥራውም ዋጋ 350 ብር።

ከሰል ምድጃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደብዛዛ ቀይ ሆነ። መጀመሪያ ሳላ በጻፈው መሠረት በተመታ ክሬም የተሸፈነ አይስክሬም ላይ ያዝኩት። ክሬሙ ወዲያው ተንሸራተተ፤ ቅባቱ ተለይቶ ቢጫ ኩሬ ሆነ፤ ቡናማነት የሚባል ነገር አልታየም። የተመታ ክሬም የቆመው በቀዝቃዛ ቅባት ነው፤ ቅባቱ ሲቀልጥ የሚደግፈው የለም። የእንቁላል ነጭ ግን ሲሞቅ ይጸናል። በሜሬንግ ላይ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ስይዘው ሩብ ደቂቃ ሳይሞላ ጫፎቹ ወርቃማ ሆኑ፤ ከሥር ምንም አልቀለጠም። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሳላ ያየው ሜሬንግ ነው፤ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ክሬም መሰለው። ስለ ብረቱ የጻፈው ግን እውነት ነው፣ ይሠራልም። እጥረቱ አንድ ነው፤ ላዩን እንጂ ጎኑን አያገኘውም። ብረቱን አዘንብሎ መዞር ያስፈልጋል፤ ክንድንም ያደክማል።

የሳላ ምስክርነት ለስሙም ይጠቅማል። በሰፊው የሚነገረው፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ስዋርድ አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር በገዛበት በ1867 ዴልሞኒኮ ቤት ለመታሰቢያ ተሠራ የሚለው ነው። ግዢው እርግጥ ነው። ስሙ ከግዢው መምጣቱም የሚታመን ነው። በእጃችን ያለው ጽሑፍ ግን በ1880 ገደማ «አላስካ» ተብሎ ይበላ እንደነበር፣ በ1894 አሠራሩ እንደታተመ፣ «ቤክድ አላስካ» የሚለውም በ1896 በፋርመር መጽሐፍ እንደሰፈረ ነው። በ1867 ምሽት ማዕድ ላይ አስቀምጦ ማውራት ከዚህ በላይ መሄድ ነው።

በሊጥ የተሸፈነው

ከሜሬንጉ በፊት ሊጥ ነበር ይባላል። በ1866 ባሮን ብሪስ የተባለ የፓሪስ ጋዜጣ የምግብ ጸሐፊ፣ የቻይና ልዑካን ፓሪስ በነበሩበት ጊዜ የግራንድ ሆቴል ሼፍ ከቻይናውያኑ ማብሰያ የቫኒላና የዝንጅብል አይስክሬም በሊጥ ቅርፊት ምድጃ ውስጥ መጋገር እንደተማረ ጽፏል።

ሊጡን 3 ሚሊሜትር አሳስቼ፣ የእንቁላል አስኳል ቀብቼ፣ የዝንጅብል አይስክሬም ጠቅልዬበት ጋገርኩ። ሊጥ ለመብሰል የሚፈልገው ጊዜና አይስክሬም የሚታገሠው ጊዜ አይገጥሙም። በ4 ደቂቃ ሊጡ ጥሬ ነው፤ በ9 ደቂቃ ከመገጣጠሚያው ነጭ ፈሳሽ ወጣ። ከሊጡ ሥር የስፖንጅ ፍርፋሪ ስጨምር ነገሩ ተለወጠ፤ በ7 ደቂቃ ቅርፊቱ በሰለ፣ መሐሉ ለስልሶ ግን ቆሞ ወጣ። እንደገና አየር። ዝንጅብሉ ከሞቀ ቅርፊት ጋር ሲበላ እጅግ ጣፋጭ ነው፤ ይህን ደግሜ እሠራዋለሁ።

ከዚያም በፊት በ1802 ከኒውዮርክ የተመረጠ የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ሳሙኤል ሚቺል በፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ማዕድ በሞቀ ቅርፊት የተሸፈነ የአይስክሬም እንክብል መቅረቡን ጽፏል፤ በረዶው ልክ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር ይላል። «ይመስል ነበር» የሚለው ልብ ይባል። ባዶ ቅርፊት ለብቻው ጋግሬ፣ ገና እንደሞቀ አይስክሬሙን ከትቼ ከደንኩት። ሚቺል የጻፈው ሁሉ ተሟላ፤ አይስክሬሙ ግን ምድጃ አልገባም። ስለዚህ ጄፈርሰንን የቤክድ አላስካ አባት ማድረግ ይከብደኛል።

ለቅበላ

ጾም ሊገባ ሲል ለቤተሰብ ቀረበ። ትልቅ ሆኖ በጎድጓዳ ሳህን የተቀረጸ፤ ሥሩ 2 ሴንቲሜትር ስፖንጅ፣ ብርቱካን ማርማላታ፣ ሙዝና ቫኒላ፣ የስዊስ ሜሬንግ። ምድጃው 240፣ 4 ደቂቃ፣ በመክተፊያው ላይ።

ፈረንሳዮች ኦምሌት ኖርቬጂየን የሚሉት ሞላላ ሆኖ አልኮል ተለኩሶበት ይቀርባል። ሆንግ ኮንግ ውስጥም የሚነድ የበረዶ ተራራ ሆኖ በምግብ ቤቶች የታወቀ ነው። ኒው ኦርሊንስ ያለው አንጋፋው አንትዋን ምግብ ቤት ደግሞ የተጋባዡን ስም ላዩ ላይ በሜሬንግ ይጽፍበታል። እኔ የእሳቱን መረጥኩ። የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት ግማሹን ጫፉ ላይ ሰክቼ በትንሹ የሞቀ ሩም አፈሰስኩና ለኮስኩት። ሩሙ ካልሞቀ አይያያዝም፤ ቢፈላም አልኮሉ አስቀድሞ ይተናል። 50 ዲግሪ አካባቢ ልክ ነው። ከጠርሙስ በቀጥታ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም።

ሲቆረጥ ቢላዋው በሙቅ ውሃ ካልተነከረ ሜሬንጉን ይጎትታል። እናቴ ሁለተኛ ቁራጭ ጠየቀች፤ «ኬኩ ይቀንስ፣ ሙዙ ይጨመር» አለች። ራንሆፈር ግን ኬኩን ቦርቡሮ በውስጡ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ኬኩ ሳይበዛ ሥሩም ጎኑም ይሸፈናል። ለትልቁም ኬኩን መቦርቦር ያስፈልጋል ማለት ነው።

የጾሙ

እንቁላልም ወተትም የለም። በ2014 ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ ቅቅል ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ፤ በ2015 ደግሞ ጉስ ዎልት የተባለ አሜሪካዊ የሽምብራ ውሃና ስኳር ብቻ ለሜሬንግ እንደሚበቁ አስታወቀ። ሽምብራ በሞላበት አገር ይህ ለእኛ የተላከ ዜና ነው።

ሽምብራው ሌሊት ተነክሮ አደረ፤ ያለ ጨው በፕሬዠር ኩከር ተቀቀለ፤ በተራ ድስት ግን በ92 ዲግሪ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ተጠልሎ በጣት መሐል እስኪያንሸራትት ድረስ ተነነ። በረድ ካለ በኋላ በሎሚ ጭማቂ 12 ደቂቃ ያህል ተመታ፤ ስኳሩ በዝግታ ገባ። አረፋው ነጭና ጽኑ ነው፤ የሽምብራ ሽታውም ከቫኒላው ጋር ጠፋ።

ምድጃ ውስጥ ግን አልቆመም። በ240 ላዩ ሳይቡናማ ጎኑ ወረደ። የእንቁላል ፕሮቲን በሙቀት ይረጋል፤ የሽምብራው እንዲያ አይረጋም። እዚህ ላይ የብየዳ ቤቱ ብረት ዋጋውን መለሰ። ሳላማንደሩ የሚሰጠው ሙቀት አጭርና ላዩን ብቻ የሚያገኝ ስለሆነ አረፋው ለመውረድ ጊዜ ሳያገኝ ጫፉ ይለበለባል። ጎኑን በቀጭን ወረቀት ከልዬ ላዩን ብቻ አቡናምኩ፤ ያምራል። መሐሉ የማንጎ ሶርቤ፣ ማለትም ወተት የሌለበት የፍራፍሬ አይስክሬም ነበር። ቅባት ስለሌለውና አየሩ ትንሽ ስለሆነ ከክሬሙ አይስክሬም ቶሎ ይለሰልሳል። ሜሬንጉ ከተቀባ በኋላ እንደገና አንድ ሰዓት ፍሪዘር መግባቱ ረድቷል። ኬኩ በዘይት፣ በኮምጣጤና በሶዳ የተሠራ የጾም ኬክ ነው፤ ከስፖንጁ ጥቅጥቅ ስለሚል ውፍረቱን 3 ሴንቲሜትር አደረግሁት።

የተገለበጠው

ኒኮላስ ኩርቲ ቡዳፔስት የተወለደ፣ ኦክስፎርድ ውስጥ በእጅግ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የሠራ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1969 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን፣ ራምፎርድ ራሱ በ1799 እንዲቋቋም ባደረገው ተቋም፣ ስለ ወጥ ቤት ፊዚክስ ንግግር አድርጎ ነበር። እዚያም አላስካን ገልብጦ አሳየ፤ ውጩ የቀዘቀዘ፣ ውስጡ የሚፋጅ። ስሙን «ፍሮዝን ፍሎሪዳ»፣ የቀዘቀዘ ፍሎሪዳ፣ አለው። መሣሪያው ማይክሮዌቭ ነው፤ ማይክሮዌቭ ፈሳሽ ውሃን በደንብ ያሞቃል፣ በረዶን ግን እምብዛም አይነካም።

የማንጎ ሶርቤ ዛጎል ሠርቼ ውስጡ ማርማላታ ከትቼ ከደንኩት። ሶርቤው ስኳር ስለበዛበት ፍሪዘር ውስጥም ሁሉም ክፍሉ አይረጋም፤ በመሐሉ የቀረው ፈሳሽ ሙቀቱን ወሰደና ዛጎሉ ከማርማላታው ጋር እኩል ለሰለሰ። ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ፣ ግድግዳውን 3 ሴንቲሜትር አድርጌ፣ ሁለት ሌሊት አቆይቼ ስደግመው ማርማላታው 58 ዲግሪ ደረሰ፤ ዛጎሉ ውጩ ደረቅ እንደሆነ ወጣ። ግድግዳው በሳሳበት አንድ ቦታ ብቻ ተቀደደ። ቀጣዩ ሥራ ግድግዳው በሁሉም በኩል እኩል እንዲሆን ሁለት ሳህን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ መሐሉ ላይ ሶርቤውን ማፍሰስ ነው።